ናሮውቦት ላይ ኢንተርኔት የሚጠፋው ለምንድን ነው? ከብረቱ እስከ ባትሪው

ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ስልኩ ሲጠራ ብድግ ብሎ ወደ በራፍ የሚወጣ ሰው የናሮውቦትን ችግር ሳይነግሩት ግማሹን ያውቀዋል። ናሮውቦት በእንግሊዝና በዌልስ የውሃ ቦዮች ላይ የሚሄድ ጠባብና ረጅም ጀልባ ነው። ወርዱ 2.1 ሜትር አይሞላም፤ ርዝመቱ ግን ከ21 ሜትር በላይ ሊደርስ ይችላል። የጠበበው ለውበት አይደለም፤ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በተሠሩት የቦዮቹ የውሃ በሮች ልክ ስለተሠራ ነው። ድሮ ከሰል ያመላልስ ነበር፤ ዛሬ ሰው ይኖርበታል ወይም የዕረፍት ጊዜውን ያሳልፍበታል። የተለመደው ጀልባ ወለሉ 10፣ ጎኑ 6፣ ካቢኑና ጣሪያው 4 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ብረት ተበይዶ የተሠራ ነው።

የስልክ ሞገድ ብረት አይበሳም። ካቢኑ ውስጥ የሚደርሰው በመስኮትና በበር የሾለከው ብቻ ነው። መስኮቶቹ ትንንሽ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ክብ ሆነው ከትሪ አይሰፉም። የካቢኑ ወለል ከውሃው ወለል በታች ስለሆነም መስኮቱ ለዳርቻው ሣር ይቀርባል እንጂ ለሰማይ አይቀርብም። በቦዩ ዳር ባለው እግረኛ መንገድ ላይ አራት የሲግናል መስመር የሚያሳየው ስልክ ደረጃውን ወርደው ሲገቡ ወደ አንድ የሚወርደው ለዚህ ነው። ሲም መቀያየር ይህን አያድነውም፤ ሲሙም የስልክ ማማውም ጥፋት የለባቸውም።

ሁለተኛው ምክንያት የቦታው ነው። ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት የሚያስተዳድራቸው ቦዮችና ወንዞች ወደ 3,200 ኪሎሜትር ይጠጋሉ። ቋሚ ማሰሪያ የሌለው ጀልባ በ1995 በወጣው ሕግ መሠረት አንድ ቦታ ላይ ከ14 ቀን በላይ እንዳይቆይ ይገደዳል። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ ማማው ይቀየራል። የቤት ኢንተርኔት ውል ደግሞ አድራሻ ይፈልጋል፤ ጀልባ የለውም። ቦይ ቆፋሪዎቹም ውሃውን ደረጃውን ጠብቀው ለመውሰድ ሲሉ የሸለቆ ጥግ ይዘዋል፣ ሲቸግራቸው ኮረብታ ሰንጥቀዋል። በሽሮፕሺር ዩኒየን ቦይ ላይ ያለው የዉድሲቭስ መተላለፊያ ቋጥኝ ተፈልፍሎ የተሠራ ነው፤ እዚያ ውስጥ ሰማዩ ራሱ መቀነት ያህል ሆኖ ነው የሚታየው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ አንቴናም ዲሽም ብዙ አይረዱም፤ ስብሰባ ካለባችሁ ቀድማችሁ ማለፍ ወይም ሳትገቡ መቆም ነው።

ገንዘቡ በየትኛው ቅደም ተከተል ይውጣ?

መጀመሪያ አንቴናውን ከብረቱ ውጪ ማውጣት፣ ቀጥሎ የሌላ ድርጅት ሁለተኛ ሲም መያዝ፣ ሳተላይት በመጨረሻ። ብዙ ሰው ከመጨረሻው ይጀምራል። ዲሹን ይገዛል፣ በሐምሌ ይደሰታል፣ ዲሴምበር ሲገባ ባትሪው በየማታው እየሞተ ያስቸግረዋል። ያን ጊዜ ተመልሶ አንቴና ይገዛል፤ ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው።

ከመግዛት በፊት መለካት

ስልኩ ላይ የሚታዩት መስመሮች ለዚህ ሥራ አይበቁም። የሚፈለገው ቁጥሩ ነው። አይፎን ላይ *3001#12345#* ብላችሁ ስትደውሉ የመለኪያ ገጽ ይከፈታል፤ አንድሮይድ ላይ ደግሞ ስለ ስልኩ በሚለው የማስተካከያ ክፍል ውስጥ የሲም ሁኔታ የሚል ቦታ አለ። ራውተር (ኢንተርኔቱን ተቀብሎ በዋይፋይ የሚያድል መሣሪያ) ካላችሁ ገጹ ላይ በዝርዝር ያሳያል።

ሁለት ቁጥር ብቻ ተመልከቱ። አንዱ አር.ኤስ.አር.ፒ. ይባላል፤ የሞገዱ ጉልበት ነው። ሁልጊዜ ከዜሮ በታች ነው፤ ወደ ዜሮ በተጠጋ ቁጥር ይሻላል። -80 በጣም ጥሩ፣ -95 የሚሠራ፣ -110 የሚያስቸግር፣ -120 የሌለ ያህል ነው። ሁለተኛው ኤስ.አይ.ኤን.አር. ሲሆን ጥራቱ ነው፤ የምትፈልጉት ሞገድ ከሌላው ጫጫታ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚሰማ ይናገራል። 20 እና ከዚያ በላይ ግሩም፣ ከ10 እስከ 20 ደህና፣ ከዜሮ በታች ከሆነ ቪዲዮ ጥሪን እርሱት። ሠርግ ቤት ውስጥ ድምፅ ማጉያው እየጮኸ አጠገባችሁ ያለው ሰው ቢጮህም አይሰማችሁም፤ ጸጥ ባለ ክፍል ግን ሹክሹክታውም ይሰማል። ጉልበቱ ደካማ ሆኖ ጥራቱ ጥሩ የሆነ መስመር፣ ጉልበቱ ጠንካራ ሆኖ ጥራቱ ከተበላሸ መስመር ይሻላል።

ፈተናው እንዲህ ነው። የስልኩን ዋይፋይ አጥፉ። ምግብ የምትበሉበት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ አንድ ደቂቃ ቆዩና አር.ኤስ.አር.ፒ.ውን ጻፉ። ከዚያ ጣሪያው ላይ አስቀምጡትና እንደገና ጻፉ። የሁለቱ ልዩነት ብረቱ የሚበላባችሁ ነው፤ የሚለካውም በዴሲቤል ነው። ሒሳቡ ደረጃ በደረጃ እየተባዛ የሚሄድ ነው፦ 3 ዴሲቤል ግማሽ፣ 10 ዴሲቤል አንድ አሥረኛ፣ 20 ዴሲቤል አንድ መቶኛ ማለት ነው። ውስጥ -113፣ ጣሪያ ላይ -95 ካነበባችሁ ብረቱ 18 ዴሲቤል ወስዷል፤ የውጭ አንቴና ገንዘቡን ይመልሳል። ጣሪያ ላይም -115 ከሆነ ግን ችግሩ ብረቱ ሳይሆን ማማው ሩቅ መሆኑ ነው፤ ያን ጊዜ የሌላ ኔትወርክ ሲም ሞክሩ። ይህንኑ በሦስት የተለያዩ ማቆሚያዎች ላይ መድገም ያስፈልጋል፤ የአንድ ቦታ ንባብ ስለ ቀጣዩ ቦታ ምንም አይነግራችሁም።

አራት ኔትወርክ፣ ብዙ ስም

በብሪታኒያ ለዓመታት የራሳቸው ማማ የነበራቸው አራት ናቸው፦ ኢኢ፣ ኦቱ፣ ቮዳፎንና ትሪ። ቮዳፎንና ትሪ በ2025 ተዋህደዋል። የቀሩት ስሞች በሙሉ ከእነዚህ ማማ ተከራይተው የሚሸጡ ናቸው። ጊፍጋፍ በኦቱ፣ ስማርቲ በትሪ፣ ቮክሲና ሌባራ በቮዳፎን ላይ ይሠራሉ። እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት ቀላል ግን የተለመደ ነው፦ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይይዛል ተብሎ ቮክሲና ሌባራ ይገዛል። ሁለቱም አንድ ማማ ላይ ስለሆኑ አንድ ላይ ይጠፋሉ። መጠባበቂያው የግድ ከሌላ ማማ ይሁን።

ሲም ስትገዙ የ24 ወር ውል አትፈርሙ፤ በየ30 ቀኑ የሚቋረጠውን ያዙ። ያልተገደበ የሚለውን ቃልም እስከ ታች ድረስ አንብቡት፤ አንዳንዱ በስልክ ውስጥ ብቻ እንጂ በራውተር ውስጥ አይፈቀድም፣ አንዳንዱ ለሌላ መሣሪያ ማጋራትን በጥቂት ጊጋባይት ይወስናል። የመገናኛ ተቆጣጣሪው ኦፍኮም የሁሉንም ኔትወርክ ሽፋን የሚያሳይ ካርታ አለው። ካርታው ፖስታ ኮድ ይጠይቃል፤ እናንተ ስለሌላችሁ በአቅራቢያው ያለውን የመጠጥ ቤት ኮድ ተጠቀሙ፣ ከቦይ ዳር መጠጥ ቤት አይጠፋም። የቤት ውጪ የሚለውን ሽፋን ተመልከቱ፤ የቤት ውስጥ የሚለው ለጡብ ቤት የታሰበ ስለሆነ ለ4 ሚሊሜትር ብረት አይሠራም።

ማታ ማታ መስመሩ ሙሉ ሆኖ ምንም የማይከፈትበት ጊዜ አለ። ይህ የሚሆነው ማማው ላይ ሰው ሲበዛ ነው፤ ታክሲው መጥቷል፣ ወንበር ግን የለም። ስልኮች የሚሠሩባቸው ሞገዶች ብዙ ናቸው። የ800 ሜጋኸርዝ ሞገድ ሩቅ ይሄዳል፣ ዛፍና ኮረብታም ይሻገራል፣ የሚሸከመው ግን ትንሽ ነው። የ1800፣ የ2100 እና የ2600 ሞገዶች ርቀታቸው እያጠረ ጭነታቸው ይጨምራል። ከ3400 በላይ ያለው 5ጂ ፈጣን ነው፤ ገጠር ውስጥ ግን ብዙ አትገናኙም። ራውተር ራሱን ሲተዉት ብዙ ጊዜ ጉልበት የሚበዛበትን 800 ይመርጣል፤ ሰፈሩም ሁሉ እዚያው ላይ ነው። ጥሩ ራውተር ሞገድ ቆልፎ መምረጥ ያስችላል። 1800 ላይ ቆልፋችሁ ፍጥነቱን ለኩ፤ ጉልበቱ በ10 ዴሲቤል ወርዶ ፍጥነቱ በእጥፍ ቢጨምር አትደነቁ። አዲስ ቦታ ስትደርሱ ቁልፉን መፍታት አትርሱ፤ ከዚያ በኋላ ራውተሩ ተበላሸ እየተባለ የሚጣለው በዚህ ነው።

አንቴናው

ወጪ የሌለው መፍትሔ ስልኩን መስኮት ላይ አስቀምጦ ዋይፋዩን ማጋራት ነው። ለሳምንት የእረፍት ጉዞ ይህ ይበቃል፤ ሌላ ነገር መግዛት ትርፍ ነው። እዚያው መስኮት ላይ የምትቀመጥ የኪስ ራውተርም ትሠራለች። ለሚኖርበትና ለሚሠራበት ሰው ግን ጣሪያ ላይ አንቴና፣ ውስጥ ራውተር ያስፈልገዋል።

4ጂ ሁለት የመቀበያ መስመር ስለሚጠቀም አንቴናው ሁለት ኬብል ሊኖረው ይገባል። ባለ አንድ ኬብል መግዛት ግማሹን ፍጥነት ሜዳ ላይ መተው ነው። ራውተሩም የውጭ አንቴና መቀበያ ሁለት ቀዳዳ እንዳለው ከመግዛታችሁ በፊት አረጋግጡ፤ ብዙ የቤት ራውተሮች የላቸውም።

ቀዳዳዎቹን ቀረብ ብላችሁ እዩአቸው። ክር ያላቸው፣ የሕፃን ጣት የማያክሉ የወርቅ ቀለም ቱቦዎች ናቸው። የስልክ መስመሩ ቀዳዳ ኤስ.ኤም.ኤ. የሚባለው ሲሆን መሃሉ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳ አለው፤ የአንቴናው ኬብል ጫፍ ደግሞ መርፌ አለው፣ መርፌው ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። የዋይፋዩ ቀዳዳ ከውጭ አንድ ይመስላል፤ ውስጡ ግን የተገለበጠ ነው፣ መርፌው ራውተሩ ላይ ነው። ለዋይፋይ የተሠራ ኬብል ለስልክ መስመሩ ስታስሩት ክሩ እስከ መጨረሻው ይጠብቃል፣ መሃል ላይ ግን ቀዳዳ ከቀዳዳ ስለሚገጥም ምንም አይነካካም። በእጅ ስትነኩት ጥብቅ ነው፤ ቁጥሩ ግን ከበፊቱ የባሰ ነው። በተቃራኒው መርፌ ከመርፌ ካጋጠማችሁ አንዱ ይታጠፋል።

ኬብሉ ራሱ ሞገድ ይበላል። አርጂ58 የሚባለው ቀጭኑ በ1800 ሜጋኸርዝ በ5 ሜትር ውስጥ 4 ዴሲቤል ያህል ይጥላል፤ ማለትም አንቴናው ያመጣውን ከግማሽ በላይ ውስጥ ሳይደርስ ይፈጃል። ኤልኤምአር200 የሚባለው መካከለኛው ወደ 2.5፣ ኤልኤምአር400 የሚባለው ወፍራሙ ደግሞ 1 ገደማ ያጠፋል፤ ግን እሱ በጠባብ ማዕዘን አይታጠፍም። መፍትሔው ወፍራም ኬብል ማሳደድ ሳይሆን ራውተሩን አንቴናው ሥር አስቀምጦ ኬብሉን 2 ሜትር ማድረግ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ርቀት የኔትወርክ ኬብል ይሸፍነው፤ እሱ 100 ሜትር ድረስ ምንም አይቀንስበትም፣ ጀልባችሁም ከ22 ሜትር አይበልጥም።

አንቴናው ሁለት ዓይነት ነው። ከሁሉም አቅጣጫ የሚቀበለው ለተጓዥ ይሆናል፤ አንዴ ተገጥሞ ይረሳል። ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያይ ደግሞ ጉልበቱ ይበልጣል፣ ሌላውን ማማ ጀርባ ስለሚሰጥም ጥራቱን ያሻሽላል፤ ግን ጀልባው ባሰረ ቁጥር ማነጣጠር አለ። ሴልማፐር በሚባለው መተግበሪያ የማማውን አቅጣጫ ገምቱ፣ አንቴናውን ወደዚያ አዙሩ፣ ከዚያ በየ20 ዲግሪው ግራና ቀኝ እያንቀሳቀሳችሁ በእያንዳንዱ ላይ 30 ሴኮንድ ቁሙ። የምታዩት ኤስ.አይ.ኤን.አር.ን ይሁን። ገመዱ ላልቶ ጀልባው ትንሽ ቢወዛወዝ ጉዳት የለውም፤ የአንቴናው ዓይን ሰፊ ነው። ዘንጉ ግን የሚታጠፍ ወይም የሚነቀል ይሁን። የቦይ ድልድዮች ዝቅተኛ ናቸው፣ ዋሻም አለ፤ በግራንድ ዩኒየን ላይ ያለው የብሊስዎርዝ ዋሻ ብቻውን 2.8 ኪሎሜትር ነው። ቆሞ የተረሳ ዘንግ የመጀመሪያው ድልድይ ያነሳዋል።

ለመግጠም ብረት መብሳት አያስፈልግም። ጣሪያው ብረት ስለሆነ የማግኔት እግር ያለው አንቴና ይይዛል፤ ቀለሙ እንዳይጫር ከሥሩ ስስ ላስቲክ አድርጉ። በቀጭን ገመድ ከጣሪያው መያዣ ጋር አስሩት፤ ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ከመታው ማግኔቱ ይለቃል፣ የሚወድቅበት ደግሞ ውሃ ነው። ኬብሉ በእንጉዳይ ቅርጽ የተሠራው የጣሪያ አየር ማስገቢያ ሥር ሊገባ ይችላል፤ ቀዳዳው ድሮም አለ። ዝናብ ኬብሉን ተከትሎ እንዳይገባ ከመግቢያው በፊት ወደ ታች ቀለስ አድርጋችሁ ጠብታው እዚያ ላይ እንዲንጠባጠብ ተዉት። አየር ማስገቢያውን ግን አትድፈኑት፤ የጋዝ ምድጃና የከሰል ምድጃ ያለበት ክፍል አየሩ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ውጪ ያለ መገጣጠሚያ ሁሉ ራሱ ላይ ሲጠቀለል በሚዋሐድ የላስቲክ ፕላስተር ይሸፈን። ተራው የኤሌክትሪክ ፕላስተር በአንድ የብርድ ወራት ይላላል። ውሃ አንዴ መገጣጠሚያው ውስጥ ከገባ በመዳብ ሽቦው መሃል እንደ ኩራዝ ክር እየተሳበ ይሄዳል። ምልክቱ የታወቀ ነው፦ በደረቅ ቀን ደህና፣ ከዝናብ በኋላ ሁለት ቀን የሞተ። እንዲህ ያለው ኬብል አይደርቅም፤ ይቀየራል።

ገበያ ላይ ሲግናል የሚያጎሉ ማሽኖች ይሸጣሉ። በብሪታኒያ ከ2018 ጀምሮ የኦፍኮምን መስፈርት የሚያሟሉት ብቻ ያለ ፈቃድ ይፈቀዳሉ፤ የቀሩት የሰፈሩን መስመር ስለሚረብሹ ሕገ ወጥ ናቸው። ውድም ናቸው። በእኛ ግምት ለጀልባ አያስፈልጉም፤ አንቴናና ራውተር ሥራውን ይሠራሉ።

ባትሪው

ኢንተርኔት ጀልባ ላይ በመጨረሻ የኤሌክትሪክ ጥያቄ ይሆናል። የ4ጂ ራውተር 10 ዋት ይወስዳል እንበል። በ24 ሰዓት 240 ዋት ሰዓት፣ በ12 ቮልት ሲካፈል 20 አምፔር ሰዓት ነው። ትንሹ የስታርሊንክ (የሳተላይት ኢንተርኔት) ዲሽ በአማካይ 30 ዋት ብትሉት በቀን 60፣ ትልቁ 75 ዋት ብትሉት 150 አምፔር ሰዓት ይደርሳል። ባትሪያችሁ ሦስት ባለ 110 ከሆነ ድምሩ 330 ነው፤ ግን ተራ የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች እየወረደ ከሠራ ዕድሜው ስለሚያጥር የምትጠቀሙበት 165 ብቻ ነው። ትልቁ ዲሽ ቀንና ሌሊት ከበራ ለማቀዝቀዣውና ለመብራቱ ምን ተረፈ? ምንም ያህል።

ሶላሩም በበጋ እንጂ በብርዱ ወራት አያድንም። ጣሪያ ላይ ጠፍጣፋ የተኛ የ300 ዋት ፓነል በጁን ወር በቀን ከ1,000 ዋት ሰዓት በላይ ሊሰጥ ይችላል፤ በዲሴምበር የዚያን አንድ አሥረኛ ካገኛችሁ ደህና ነው። ያ ደግሞ ራውተሩን ብቻ እንኳ አይሞላም። የቀረውን ሞተር ይሙላው እንዳይባል፣ ቆሞ ባለ ጀልባ ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ሞተርና ጄኔሬተር ማስነሳት አይፈቀድም። ስለዚህ በብርዱ ወራት ስትተኙ አጥፉ። 8 ሰዓት ማጥፋት ፍጆታውን በሲሶ ይቀንሳል፤ ተራ የ12 ቮልት ማብሪያ ማጥፊያ ይበቃል፣ ስታርሊንክ ደግሞ በመተግበሪያው ውስጥ የመኝታ ሰዓት ማስያዣ አለው።

ራውተሩን በኢንቨርተር (የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ቤት ኤሌክትሪክ በሚቀይረው መሣሪያ) አታብሩት። ኢንቨርተር ምንም ሳይሠራ በርቶ ለመቆየት ብቻ 10 ወይም 20 ዋት ይበላል፤ ለጫኚው የሚከፈለው ከዕቃው ዋጋ በለጠ ማለት ነው። ከ12 ቮልቱ በቀጥታ ውሰዱ። ታዲያ የጀልባ 12 ቮልት 12 እንዳልሆነ እወቁ፦ ባትሪው ሲደክም ከ12 በታች ይወርዳል፣ ሲሞላ 14.4 ይደርሳል፣ ሞተር ሲነሳ ለቅጽበት ዘጭ ይላል። በግድግዳ ቻርጀር 12 ቮልት እንዲቀበል የተሠራ የቤት ራውተር በ14.4 ሊቃጠል ይችላል፤ ካልተቃጠለም ሞተር በተነሳ ቁጥር ይጠፋል። መሃል ላይ ከ9 እስከ 36 ቮልት ተቀብሎ ልክ 12 የሚያወጣ ማረጋጊያ አስገቡ። ለተሽከርካሪ የተሠሩ ራውተሮች፣ ለምሳሌ የቴልቶኒካ አርዩቲኤክስ11፣ ከ9 እስከ 50 ቮልት ስለሚቀበሉ ማረጋጊያ አይሹም። ፊውዙን ባትሪው አጠገብ አድርጉ፤ ራውተሩ አጠገብ የተደረገ ፊውዝ በመሃል ያለውን ሽቦ አይጠብቅም።

የሽቦው ውፍረት ደግሞ ብዙ ሰው ሳያስበው የሚወድቅበት ነው። ባትሪው ኋላ፣ ትንሹ ዲሽ ፊት ነው፤ መሃላቸው 15 ሜትር ነው እንበል። ኤሌክትሪክ ሄዶ ስለሚመለስ ሽቦው 30 ሜትር ይሆናል። በ1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ 4 አምፔር ሲያልፍ 1.4 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይጠፋል። ባትሪው 12.4 ሲል ዲሹ ጋ የሚደርሰው 11 ነው። ዲሹ ደግሞ ከ12 እስከ 48 ቮልት ነው የሚፈልገው፤ ስለዚህ ሳተላይት ሲፈልግ፣ ማለትም ብዙ ሲስብ፣ ይጠፋል፤ ይነሳል፤ እንደገና ይጠፋል። ሰው ዲሹ ተበላሽቷል ብሎ ይመልሰዋል። በ6 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ጥፋቱ ወደ 0.35 ይወርዳል። የሚሻለው ግን ባትሪው ሥር ቮልቱን ወደ 24 ወይም 30 የሚያሳድግ መቀየሪያ አስገብቶ ከዚያ መላክ ነው፤ ቮልቱ ሲያድግ አምፔሩ ይቀንሳል፣ ባትሪው ቢደክምም ዲሹ አያውቀውም።

ሳተላይቱ

ስታርሊንክ ማማ የማይደርስበት ሸለቆ ውስጥ ይሠራል፤ የሚጠይቀው ሰማይ ብቻ ነው። ግን ሰፊ ሰማይ፣ ከ100 ዲግሪ በላይ ክፍት የሆነ ነው የሚጠይቀው። ሳተላይቶቹ ስለሚንቀሳቀሱ ዲሹ አንዱን ለቆ ሌላውን ይይዛል፤ በመሃል ዛፍ ከገባ ለጥቂት ሴኮንድ ይቋረጣል። ፊልም ለማየት አይታወቅም፣ በቪዲዮ ጥሪ ላይ ግን ፊታችሁ ይደርቃል። የቦይ ዳር ደግሞ ዛፍ አያጣም። ማርች ላይ ጥሩ የነበረ ማቆሚያ በሜይ ቅጠሉ ሲወጣ ዋጋ ያጣል። ከማሰራችሁ በፊት ስልኩን ወደ ላይ አድርጋችሁ መተግበሪያው ላይ የመከለያ ፍተሻውን አስኪዱ፤ አንዳንዴ 30 ሜትር ወደፊት መግፋት ይበቃል። ዲሹን በመተግበሪያው አቅጣጫ ልክ አዙሩት፤ የጀልባው አፍንጫ ወዴት እንደሚያይ አይመለከተውም። የምትገዙት ጥቅል ለተጓዥ የተዘጋጀውን ይሁን፤ ለቤት የተዘጋጀው ከአንድ አድራሻ ጋር የታሰረ ነው። ከጀልባው ስትርቁ ደግሞ ዲሹን አንስታችሁ አስገቡ፤ ከጣሪያ ላይ ለማንሳት ሌባ መሰላል አያስፈልገውም።

ሁለቱንም ለያዘ ሰው ራውተሩ ራሱ ይምረጥ። አንደኛ ዲሹ፣ ሁለተኛ ሲሙ ብላችሁ አስተካክሉና በየጥቂት ሴኮንዱ ውጭ ያለ አድራሻ እንዲጠይቅ አድርጉት። ኬብል ተሰክቷል ወይ ብሎ ብቻ የሚያይ ራውተር አይጠቅምም፤ ዲሹ በዛፍ ተከልሎ እያለ ኬብሉ አሁንም እንደተሰካ ነው።

ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ ወደብ) ውስጥ በነጻ የሚሰጥ ዋይፋይ ኢሜይል ለማየት ይሆናል። ከእሱ በላይ አትጠብቁ፤ አንድ መስመር ለብዙ ጀልባ ይከፋፈላል፣ ብረቱም እንደ ስልኩ ሞገድ ያግደዋል። የሞባይል ኢንተርኔት ለእናንተ ብቻ የሆነ አድራሻ ስለማይሰጥም የደህንነት ካሜራን ወይም የባትሪ መቆጣጠሪያን ከሩቅ በቀጥታ መክፈት አይቻልም። በአምራቹ ደመና (በኢንተርኔት ላይ ባሉት ኮምፒውተሮቹ) በኩል የሚሠራ መሣሪያ ግዙ፣ ወይም ቪፒኤን (በኢንተርኔቱ ውስጥ የሚያልፍ የግል መስመር) አቁሙ።

አንድ ነገር ዛሬውኑ በነጻ አድርጉ፦ በስልካችሁ ላይ የዋይፋይ ጥሪን አብሩ። አንቴናው ለራውተሩ እንጂ ለስልኩ ስላልተሠራ፣ ይህ ካልበራ ኢንተርኔቱ እየበረረ ስልኩ አይጠራም። በዋይፋይ ወደ አደጋ ጊዜ ቁጥሩ 999 ስትደውሉ ግን ስልኩ ቦታችሁን በትክክል ላያሳይ ይችላል፤ ኦፕሬተሩ የሚያየው ስትመዘገቡ የሰጣችሁትን አድራሻ ሊሆን ይችላል። የቦይ ድልድዮች ቁጥራቸው በሰሌዳ ላይ ተጽፎ ተለጥፎባቸዋል። ባሰራችሁ ቁጥር የቦዩን ስምና የቅርቡን ድልድይ ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ በሩ አጠገብ ለጥፉ፤ ስትንቀሳቀሱ ቀይሩት።